በሰው ጥፋት መተዳደር

አንድ ጥያቄ ላንሣ። የተበደለ ሰው፣ በደሉ እውነት ከሆነና ሕጉም ከእሱ ጋር ከቆመ፣ በበዳዩ ላይ የፈለገውን ቢያደርግ ትክክል ነው? ብዙዎቻችን ብዙም ሳናስብ "አዎ፣ እሱ ምን አጠፋ?" እንላለን። ሌባው ቆሞ እያለ ስለ ተሰረቀው ሰው ጠባይ ማውራት ነገር መገልበጥ ይመስላል። እኔ ግን ጥያቄው እንዲህ በቀላሉ የሚያልፍ አይመስለኝም። እንዲህ እንዳስብ ያደረገኝ በአሜሪካና በእንግሊዝ አገር ተነሥተው በጥቂት ዓመት ውስጥ የወደቁ ድርጅቶች ታሪክ ነው። ሥራቸው መክሰስ ነበር። ፊልም፣ ሙዚቃ ወይም ጽሑፍ ያለ ፈቃድ የገለበጠውን ሰው በሺህ እየቆጠሩ መክሰስ፣ ማስፈራራት፣ ገንዘብ መቀበል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችንን አዋጅ ስጠቅስ ብቻ በእኛው እቆጥራለሁ።)

ነገሩ የሚጀምረው በደብዳቤ ነው። ላኪው የጥብቅና ድርጅት ነው። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ በእርስዎ የኢንተርኔት መስመር ይህ ፊልም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ወርዷል ይላል። የፊልሙም ስም ተጽፏል። ቀጥሎ የአሜሪካ ሕግ ሆን ብሎ የቅጂ መብት በጣሰ ሰው ላይ ለአንድ ሥራ እስከ 150,000 ዶላር ካሳ እንደሚፈቅድ ያስታውሳል። ከዚያ ቃሉ ይለዝባል፦ ፍርድ ቤት መመላለስ ካልፈለጉ ግን 3,000 ወይም 4,000 ዶላር ከፍለው ጉዳዩን በስምምነት መዝጋት ይችላሉ። ፕሬንዳ ሎው የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ይልክ የነበረው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ነው። ፊልሞቹም የብልግና ፊልሞች ነበሩ።

የሰውየውን ስምና አድራሻ ከየት አገኙት? ሰዎች ቶረንት በሚባለው መንገድ ፊልም ሲቀባበሉ፣ የሚቀበለው ሰው በዚያው ጊዜ ለሌሎች ያቀብላል። ስለዚህ የእያንዳንዱ የኢንተርኔት መስመር መለያ ቁጥር ለሌሎቹ ሁሉ ይታያል። ከሳሾቹ ቁጥሩን ይለቅማሉ። በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች የሚቆጠር ቁጥር በአንድ የክስ መዝገብ ይዘው ፍርድ ቤት ይቀርቡና የአንድ መዝገብ ክፍያ ብቻ ይከፍላሉ። ፍርድ ቤቱ የኢንተርኔት አቅራቢውን ኩባንያ የደንበኞቹን ስም እንዲሰጥ ያዛል። ስሙ ሲገኝ መዝገቡ ሥራውን ጨረሰ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ደብዳቤና ስልክ ነው።

ልብ በሉ፣ ቁጥሩ የሚናገረው የወር ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል እንጂ ኮምፒውተሩ ፊት ማን እንደ ተቀመጠ አይደለም። ፊልሙን ያወረደው ልጁ ሊሆን ይችላል፣ ተከራዩ ሊሆን ይችላል፣ የይለፍ ቃል ባልተደረገበት ዋይፋይ የገባ ጎረቤትም ሊሆን ይችላል። ንጹሕ የሆነው ሰው ታዲያ ለምን አይከራከርም? ሒሳቡን አስሉት። ጠበቃ ለማቆም የሚወጣው ወጪ ከተጠየቀው ገንዘብ ይበልጣል። የሎስ አንጀለሱ ዳኛ ኦቲስ ራይት በ2013 በሰጡት ውሳኔ ይህንኑ አይተውታል፤ የሚጠየቀው ገንዘብ ለመከላከል ከሚወጣው ትንሹ ወጪ ዝቅ እንዲል ተደርጎ የተመተረ ነው። ጥፋተኛውም ንጹሑም እኩል የሚከፍሉበት ዋጋ ነው ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሀፍረት አለ። እዚህ ጋ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ እኛ የይሉኝታ አገር ልጆች ስለሆንን ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻንም። ባለትዳር ሰው ነው እንበል። ደብዳቤውን ሚስቱ ሳታየው ነው ያነሣው። ፊልሙን አይቷል ወይም አላየም፤ ያም ሆነ ይህ ክስ ከተመሠረተ ስሙ ከዚያ የፊልም ርእስ ጋር በአንድ ገጽ ላይ በሕዝብ መዝገብ ይቀመጣል። ለማን ይናገራል? ለወንድሙ? ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ? "አላደረግሁትም" ቢል እንኳ የተጠየቀው ስለ ምን እንደ ሆነ መናገር ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ይከፍላል። ከሳሾቹ የሸጡት ፊልም አልነበረም፤ ዝምታ ነው የሸጡት።

በአገራችን ሁለት ሰዎች ዱላ ሲማዘዙ አላፊ አግዳሚው "በሕግ አምላክ!" ካለ የተነሣው እጅ ይቆም እንደ ነበር አባቶቻችን ይነግሩናል። ፖሊስ በሌለበት ሜዳ ቃሉ ብቻ ይበቃ ነበር። ከቃሉ ጀርባ ያለው እምነት ግልጽ ነው፤ ሕግ ከጉልበተኛው በላይ ባለቤት አለው፣ ስለዚህ ጉልበት የሌለው ሊጠራው ይችላል። የደብዳቤው ጸሐፊዎች ይህንን አዙረው ያዙት። የሕግን ስም የጠራው አቅም ያለው ሆነ፣ ቃሉን ሰምቶ በድንጋጤ የቆመው ደግሞ አቅም የሌለው።

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል እንምጣ። በወጣቶች ጥናት ላይ ይህን ታሪክ ባነሣሁ ጊዜ አንዲት እኅት እጇን አውጥታ፣ "ግን እኮ ብዙዎቹ አድርገውታል። የሰው ሥራ ወስደዋል፤ ያውም ሊያዩት የማይገባ ነገር። ለእነሱ ምን እናዝናለን?" አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው፣ በቁጣም መመለስ የለበትም። የሰው ድካም ያለ ፈቃድ መውሰድ ስሕተት ነው። የእኛው አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ይህንን ይላል። ዘማሪ ተበድሮ ስቱዲዮ ገብቶ ያወጣው መዝሙር በአንድ ፍላሽ ከሰፈር ሰፈር ሲዞር፣ "ለጌታ ነው እኮ" በሚል ቃል የሚሸፈን ነገር እንዳለ ሁላችን እናውቃለን። ስለዚህ "ከሳሾቹ ክፉዎች ስለ ነበሩ መገልበጥ ችግር የለውም" ብዬ አልከራከርም። እንዲያ ያለው አካሄድ የአንዱን ጥፋት በሌላው ጥፋት ማጠብ ነው።

የእኅታችን ጥያቄ ግን አንድ ነገር ዘልሏል። የበዳዩን ጥፋት ከመዘንን በኋላም የከሳሹ ነገር ሳይመዘን ይቀራል። ሁለቱ ለየብቻ የሚመዘኑ ናቸው። ጌታ በምሳሌ የነገረንን ያን ባሪያ አስታውሱ፤ እሱ ራሱ ብዙ ዕዳ ተሰርዞለት ሲወጣ መቶ ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን አንቆ ያዘው። መቶ ዲናሩ ሐሰት አልነበረም። እውነተኛ ዕዳ ነው፣ ሕግም ያስከፍለዋል። ሆኖም በምሳሌው ውስጥ የሚጠየቀው ባለ ዕዳው ሳይሆን አናቂው ነው።

ራይትሄቨን የተባለውን ድርጅት እንመልከት። በ2010 በላስ ቬጋስ ከተማ ስቲቨን ጊብሰን የሚባል ጠበቃ መሠረተው። ይህኛው ከብልግና ፊልም ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ዕቃው የጋዜጣ ጽሑፍ ነው። ሰዎች ከላስ ቬጋስ ሪቪው ጆርናል፣ በኋላም ከዴንቨር ፖስት የወሰዱትን ጽሑፍ በየድረ ገጻቸው ሲለጥፉ ራይትሄቨን ፈልጎ ያገኛቸዋል። "ጽሑፉ የእኛ ነው፣ እባካችሁ አንሡት" የሚል ማስጠንቀቂያ የለም። በቀጥታ ክስ ነው። ከ200 በላይ ክሶች መሠረተ። ከተከሰሱት ውስጥ ትልልቅ ነጋዴዎች ብቻ አልነበሩም፤ በትርፍ ጊዜያቸው የሚጽፉ ሰዎች፣ ትንንሽ ማኅበራት፣ ስለ ድመት የሚጽፉ ሰዎች ሳይቀሩ ነበሩበት። እስከ 150,000 ዶላር ካሳ ይጠይቃል፣ ከዚያም አልፎ የድረ ገጹ ስም ራሱ ተወስዶ እንዲሰጠው ይጠይቃል። ብዙዎቹ በጥቂት ሺህ ዶላር ተስማምተው ተገላገሉ።

ያልተስማሙት ግን ተከራከሩ፣ በክርክሩም መካከል በራይትሄቨንና በጋዜጣው ባለቤት በስቴፈንስ ሚዲያ መካከል የነበረው ውል ወጣ። ውሉ ሲነበብ ራይትሄቨን የጽሑፎቹ ባለቤት አልነበረም። ማተም አይችልም፣ መሸጥ አይችልም፣ ለሌላ መፍቀድ አይችልም። የተሰጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመክሰስ መብት። የሚገኘው ገንዘብ ወጪው ከተቀነሰ በኋላ እኩል ይካፈላል። በሰኔ 2011 ዳኛ ሮጀር ሃንት ይህ አይሆንም አሉ። የመክሰስ መብት ከሥራው ባለቤትነት ተነጥሎ ለብቻው እንደ ዕቃ አይተላለፍም፤ ስለዚህ ራይትሄቨን ከሳሽ ሆኖ ሊቆም አይችልም። ስቴፈንስ ሚዲያ በክሱ ጥቅም እንዳለው ለፍርድ ቤት ሳያሳውቅ በመቅረቱም 5,000 ዶላር ተቀጣ። በሌላ ጉዳይ ደግሞ ለተከሳሹ ጠበቃ ወደ 34,000 ዶላር እንዲከፍል ታዘዘ። መክፈል አልቻለም። የሰዎችን ድረ ገጽ ስም እወስዳለሁ ይል የነበረው ድርጅት የራሱ ድረ ገጽ ስም በሐራጅ ወጥቶ በ3,300 ዶላር ተሸጠ።

የዳኛው ውሳኔ የቅጂ መብት ሕግ ትርጓሜ ነው፤ ሰባኪ አይደሉም። ነገር ግን ውሳኔው ከሕግ መጽሐፍ ወጣ ብሎም የሚያስብ ሰው ሊቆይበት የሚገባ ይመስለኛል። በደል የሚሸጥ ነገር ነው? አንድ ሰው ቢበድለኝ፣ ቁስሉ የእኔ ነው። ልከሰው እችላለሁ፣ ልተወው እችላለሁ፣ ይቅርታ ቢጠይቀኝ ልታረቀው እችላለሁ። እነዚህ ሁሉ በአንድ እጅ ያሉ ናቸው። የመክሰሱን ብቻ ቆርጬ ለሌላ ብሸጠው ገዢው ምን ይዟል? ቁስል የሌለበት ቁጣ ይዟል። ይቅር ማለት አይችልም፤ አልተበደለምና። እንዲያውም ይቅርታ ለእሱ ኪሳራ ነው፤ ዋጋ ከፍሎ በገዛው ነገር ላይ የሚደርስ ኪሳራ። የተበደለ ሰው ቢያንስ አንድ ቀን ሊደክመው፣ ሊራራ፣ በዳዩ ደጁ ላይ ሲያለቅስ ሊያይ ይችላል። በደልን በጅምላ የገዛ ሰው ደጅ የለውም።

በእንግሊዝ አገር የነበረው ኤሲኤስ ሎው ደግሞ ሌላ ነገር ያሳየናል። ባለቤቱ አንድሩ ክሮስሊ የተባለ የለንደን ጠበቃ ነው። ሚዲያ ካት በሚባል ድርጅት ስም በአሥር ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች 495 ፓውንድ እንዲከፍሉ የሚጠይቅ ደብዳቤ ላከ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል በመጨረሻ ፍርድ ቤት የደረሱት ጉዳዮች 27 ብቻ ናቸው። ጉዳዮቹ ዳኛ ቢርስ ፊት ሲቀርቡ ምን ሆነ መሰላችሁ? ከሳሾቹ ክሳቸውን ለማንሣት ለመኑ! ዳኛው እምቢ አሉ። ባለ መብቶቹ ያልተካተቱበት፣ ገንዘቡ ተሰብስቦ ነገሩ ግን በፍርድ ቤት እንዳይፈተሽ ተደርጎ የተሠራ አካሄድ መሆኑን በጽሑፍ ገለጹ። በ2011 መጀመሪያ ላይ ድርጅቱ ተዘጋ። ክሮስሊ በቀጣዩ ዓመት ለሁለት ዓመት ከጥብቅና ታገደ፣ ከ76,000 ፓውንድ በላይ የክርክር ወጪም እንዲከፍል ታዘዘ።

ዳኛን የሚሸሽ ከሳሽ! እውነት ከእኔ ጋር ናት የሚል ሰው ፍርድን ይናፍቃል። መዝሙረኛው ስንት ጊዜ እግዚአብሔር እንዲፈርድለት ይጮኻል። ፍርድን እንደ ዱላ አሳይቶ፣ ፍርድ ሲመጣ ግን በጓሮ የሚወጣ ሰው መጀመሪያም የሚፈልገው ፍርድ አልነበረም።

ስለ ኤሲኤስ ሎው ሳወራ የማልዘለው አንድ ነገር አለ። በመስከረም 2010 በድርጅቱ የተናደዱ ሰዎች ተባብረው ድረ ገጹን በጥቃት ጣሉት። ድረ ገጹ ተመልሶ ሲነሣ የድርጅቱ የኢሜይል ክምችት ሜዳ ላይ ተጋልጦ ተገኘ። ከዚያም ውስጥ ከ5,000 የሚበልጡ ሰዎች ስምና አድራሻ አወረዱ ከተባሉት የብልግና ፊልም ርእስ ጋር ወጣ። እንግዲህ የተበደሉትን እንበቀላለን ያሉት ሰዎች ሀፍረታቸውን አደባባይ ያወጡት የእነዚያኑ የተበደሉትን ሆነ። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር በጥንቃቄ ጉድለት ክሮስሊን 1,000 ፓውንድ ቀጣው፤ ድርጅቱ ሥራ ላይ ቢሆን ቅጣቱ 200,000 ይሆን እንደ ነበር ገልጾ። በአንድ ሰው ስም 20 ሳንቲም እንኳ አይደርስም። በቁጣ የተጀመረ ጽድቅ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ግን ይህ የዛሬ ርእሴ አይደለም፣ ልለፈው።

ወደ ፕሬንዳ ሎው ልመለስ። ከሁሉ የበለጠ ያስደነገጠኝ የእነሱ ታሪክ ነው። ጆን ስቲልና ፖል ሃንስማየር በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የተማሩ ወጣት ጠበቆች ነበሩ። በ2010 የጀመሩት የሌሎችን ፊልም ሠሪዎች ወክለው በመክሰስ ነው። ገንዘቡ ሲመጣ ከሠሪዎቹ ጋር መካፈሉ አልጣማቸው ይሆናል፣ የፊልሞቹን መብት የያዙ የሚመስሉ ድርጅቶችን በራሳቸው እጅ አቋቋሙ፤ በሰነዱ ላይ የአንደኛውን ጠበቃ ቤት የሚጠብቅ ሰው ስም ሳያውቅ ፈራሚ ሆኖ ተገኘ። ይህ ውሸት ነው፣ ከባድ ውሸት። ግን ገና ወደ ዋናው አልደረስንም።

ከሳሽ የሚኖረው በገልባጭ ነው። ገልባጭ ካነሰ ገቢው ያንሳል። ስለዚህ ፊልሞቹን ራሳቸው ፓይሬት ቤይን በመሰሉ የነጻ መቀባበያ ቦታዎች ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። መረቡን ዘርግተው፣ የወረደውን ቁጥር እየመዘገቡ፣ ያንኑ ሰው "ሰረቅኸን" ብለው ይከሳሉ። ከዚያ ይህም አልበቃ ብሎ በቺካጎ፣ በማያሚና በላስ ቬጋስ ተዋንያን ቀጥረው ራሳቸው የብልግና ፊልም ቀረጹ። ፊልሙን ለመሸጥ ሳይሆን እንዲሰረቅ። እንዲሰረቅ ተሠርቶ፣ እንዲሰረቅ ተቀምጦ፣ ሲሰረቅ ደግሞ በፍርድ ቤት እንባ የሚፈስለት ሥራ!

ይህን ሳነብ እነዚህ ሁለት ሰዎች ከሌሎቹ የተለዩ ጭራቆች ናቸው ብዬ ለመተው ፈልጌ ነበር። ነገር ግን መንገዱን ወደ ኋላ ብትከተሉት እያንዳንዱ እርምጃ ከፊተኛው ይወለዳል። በሰው ጥፋት የሚተዳደር ሰው ጥፋቱ እንዲቆም ሊመኝ አይችልም። በአፉ ጥፋቱን ያወግዛል፣ በኪሱ ግን ይጸልይለታል። ዛሬ በዳይ ሲገኝ ደስ ይለዋል፤ ነገ በዳይ ሲጠፋ ይጨነቃል፤ ከነገ ወዲያ ራሱ በዳይ ያመርታል። ስቲልና ሃንስማየር የሄዱት ሌሎቹ በቆሙበት መንገድ ላይ እስከ መጨረሻው ነው።

ለዚህ ነው ለእኅታችን ጥያቄ የምመልሰው በሌላ ጥያቄ የሆነው፤ ይህ ከሳሽ ጥፋቱ ነገ ጠዋት ከምድር ላይ ቢጠፋ ደስ ይለዋል ወይስ ይከስራል? መዝሙሩ የተገለበጠበት ዘማሪ ገልባጩን ጠርቶ "ወንድሜ፣ ይህ የልጆቼ እንጀራ ነው፤ አቁም፣ የወሰድከውንም ክፈለኝ" ቢለው፣ እምቢ ካለም ፍርድ ቤት ቢያቆመው፣ ገልባጩ የሚያቆምበትን ቀን ይናፍቃል። በዚያ ቀን ያርፋል፣ ወደ ዝማሬው ይመለሳል። ካሳውም ከጉዳቱ ጋር ይመዛዘናል። ይህን ዘማሪ ማንም ክርስቲያን "ለምን ከሰስክ?" ሊለው አይገባም፤ እንዲያውም ዝም በል እያልን የምናሳፍረው እኛ ነን ጥፋተኞቹ። በራይትሄቨንና በፕሬንዳ ቤት ግን መገልበጥ የቆመበት ቀን የረሃብ ቀን ነው።

ዘኬዎስም የሕግ ሰው ነበር፤ ቀረጥ መሰብሰብ በሮማ መንግሥት የተፈቀደ ሥራ ነው፣ ሕዝቡም ግብር አለበት። ጌታ ቤቱ በገባ ጊዜ ዘኬዎስ ስለ ሕጋዊነቱ አልተከራከረም። በአታላይነት የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ። አንድ ነገር ሕጋዊ ሆኖ ሳለ መብላት ሊሆን እንደሚችል ራሱ ያውቅ ነበር። እኛም "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚል ተረት ያለን ሕዝብ ነን፤ ሥልጣንና ሕግ ወደ ምግብነት እንዴት እንደሚለወጡ ከማንም በላይ እናውቃለን።

የፕሬንዳ ውድቀት እንዲህ ሆነ። በሚያዝያ 2013 ዳኛ ራይት ሰዎቹን ጠርተው ስለ ድርጅቶቹ ባለቤትነት እንዲያስረዱ ቢጠይቁ፣ በራሳችን ላይ አንመሰክርም ብለው ዝም አሉ። ችሎቱ በ12 ደቂቃ ተጠናቀቀ። ከወር በኋላ ዳኛው ከ81,000 ዶላር በላይ እንዲከፍሉ ወሰኑ፣ ጉዳዩንም ለዐቃቤ ሕግና ለግብር ባለ ሥልጣን መሩት። በታኅሣሥ 2016 ሁለቱ በማጭበርበር ወንጀል ተከሰሱ፤ ዐቃቤ ሕግ በዚህ መንገድ ወደ 6 ሚሊዮን ዶላር መሰብሰባቸውን ገለጸ። ስቲል በ2017፣ ሃንስማየር በ2018 ጥፋታቸውን አመኑ። በ2019 የሚኒያፖሊስ ፍርድ ቤት ሃንስማየርን በ14 ዓመት፣ ከመርማሪዎች ጋር የተባበረውን ስቲልን በ5 ዓመት እስራት ቀጣ።

በመካከሉ ግን ሃንስማየር ሥራ ቀይሮ ነበር። የቅጂ መብቱ ክስ አላስኬድ ሲለው በሚኒሶታ ያሉ ትንንሽ ሱቆችንና ምግብ ቤቶችን አካል ጉዳተኞች የሚገቡበት መንገድ አላመቻቻችሁም እያለ ይከስ ጀመር። ሕጉ መልካም ሕግ ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ደጅ እንዳይቀር የወጣ። የእሱ ክስ ግን ያው የለመድነው ነው፦ ለመከላከል ከሚወጣው ወጪ በታች የሆነ ገንዘብ ክፈሉና እንለያይ። ይህችን ክፍል የጨመርኳት ብዙዎቻችን "ጥሩ ሕግ ቢኖር እንዲህ ያለ ነገር አይኖርም ነበር" ስለምንል ነው። ሰውየው ከመጥፎ ሕግ ወደ መልካም ሕግ ተሻገረ፣ እጁ ግን ያው እጅ ነበር።

ከእስራቱ ጋር ፍርድ ቤቱ ከ1.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለተጎጂዎች እንዲመለስ አዘዘ። ዜናው ተሰማ፣ ሰዉም "እሰይ!" አለ። እኔ የማስበው ግን ያን ደብዳቤ ከሚስቱ ደብቆ ከፍሎ፣ ለማንም ሳይናገር ስድስትና ሰባት ዓመት የኖረውን ሰው ነው። ገንዘቡን ልውሰድ ቢል "ያ ደብዳቤ ለእኔም መጥቶ ነበር፣ ከፍያለሁ" ብሎ ስሙን መናገር አለበት። ምናልባት ጥፋተኛ ነበር፣ ምናልባትም በዚያች ሌሊት ቤቱ እንኳ አልነበረም። ስሙን ቢናገር፣ የምናምነው ስንቶቻችን ነን? ጥፋተኛ ቢሆንስ፣ ሳይከፍል ሊናገርበት የሚችል አንድ ሰው በጉባኤያችን ውስጥ ያገኝ ነበር?